ወርቁን ትተን ሰሙን እንጻፍ

መስከረም በጠባ ቁጥር ስልኮቻችን በግጥም ይሞላሉ። ተስፋ አለ፣ ብርሃን አለ፣ የጨለማ መገፈፍ አለ፤ አደይ አበባም መሐል ላይ ጣል ትደረጋለች። ከልብ የተጻፉ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ምኞት ናቸውና ሲደርሱኝ ደስ ይለኛል። አንብቤ ስጨርስ ግን መስከረምን አላገኘውም። በቆሎው የለም። ፀሐይ የተሰጣው ጋቢ የለም። ቆርቆሮው የለም።

ቆርቆሮውን ልንገራችሁ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ጣሪያ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲያገኘው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ብረቱ ሙቀት ሲነካው ስለሚለጠጥ ነው። ይህን ድምፅ አልጋው ላይ ሆኖ የሰማ ሰው፣ ክረምቱ መውጣት መጀመሩን ለማወቅ ቀን መቁጠሪያ አያሻውም። ከዚያ ግቢው ይነሣል፤ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ጋቢው፣ በሐምሌ ያልደረቀው ሁሉ አጥርና ገመድ ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ የተሰጣውን ጋቢ አንሥታችሁ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና አሽትቱት። ሰሞኑን እንደዚያ ሳደርግ ይህቺ መጣችልኝ፦

ጋቢው ባጥሩ ላይ ፀሐዩን ይጠጣል፤
ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ይወጣል።

ወርቅ አልፈለግሁባትም። አንባቢ ካገኘባት ይውሰድ፤ እኔ የጻፍኩት ስለ ጋቢ ነው። ሰምና ወርቅ የቅኔያችን ኩራት መሆኑን በየአጋጣሚው እናነሣለን፤ ሁላችንም ግን ወደ ወርቁ እንሮጣለን። ሰሙ በደንብ ካልተሠራ ወርቁ የሚፈስበት ቦታ የለውም። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና የሚጀምረው ያለ ነገር አይመስለኝም። ሁለት ቤት ጠባብ ናት፤ አንድ ነገር በደንብ ካላዩ አይገባባትም።

በቆሎውስ? ከእኛ ሰፈር መታጠፊያ ላይ የሚጠብሱ እናት አሉ። «እናቴ፣ ለጋውን ይምረጡልኝ» ስላቸው ቅጠሉን ገለጥ ያደርጉና ፍሬውን በአውራ ጣት ጥፍራቸው ጫን ይሉታል። ወተቱ ቀጥኖ ከወጣ ይመልሱታል። «ይሄ ገና ነው የኔ ልጅ፤ እሳት ላይ ይሟሽሻል፤ ይቺን ልጥበስልሽ» ይሉኛል። ጺሙን ነጭተው ከሰሉ ላይ ያጋድሙታል፣ በማራገቢያው ያራግቡታል፣ በጣታቸው እያገላበጡ አንዱንም ጎን አያሳርሩም። ሲበስል በገዛ ቅጠሉ ይዘው ይሰጡኛል። ያ ጥፍር፣ ያ ወተት፣ ከንፈር የሚያቃጥለው የመጀመሪያው ረድፍ፣ ጥርስ መሐል የሚቀረው ገለባ፤ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ የያዘ የአዲስ ዓመት ግጥም ባነብ ደራሲውን ፈልጌ አመሰግነው ነበር። በጥቅምት ደግሞ የባቄላ እሸት ከነግንዱ ታስሮ ይመጣል፤ መንገድ ላይ እየፈለፈሉ መብላት ነው፤ እርሱም ገጣሚውን እየጠበቀ ነው።

ያዩትንና የነኩትን መጥራት ልጆች ከእኛ በተሻለ ያውቁበታል። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዝናብ ሲጥል፣ እየጨፈሩ ይታጠቡበታል እንጂ ስለ በረከት አይተነትኑም። በእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ፀሐይና አበባ ሥለው ያዞራሉ፤ ሴቶቹ ከቤት ቤት አበባየሆሽን ሲያዜሙ የሚጠሩት በእጃቸው ያለውንና በዓይናቸው ያዩትን ነው። ጎጃም ውስጥ ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሲነቅሉ ግጥሙ ከሣሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ማንም ቁጭ ብሎ «መነሣሣት» አይጠብቅም።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ከዚሁ ነው የተነሡት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ በዘመነ ጽጌ፣ ቅዳሜ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ከበሮና ጸናጽል ሲመታ፣ መቋሚያ ሲወዛወዝ እስኪነጋ ይሰማል። የአባ ጽጌ ድንግል ማኅሌተ ጽጌ ስለ እመቤታችንና ስለ ልጇ፣ ስለ ስደታቸውም የሚናገር ጥልቅ ድርሰት ነው፤ ግን በአበባ ይናገራል፣ በመዓዛ ይናገራል፣ በፍሬ ይናገራል። የሚዘመረውም ደጋው አበባ በለበሰበት ወራት ነው። ከማኅሌት ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ሌሊቱን ሲሰማ ያደረውን አበባ መንገድ ዳር ጤዛ ይዞ ያገኘዋል። ይህን ያህል ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን የቆሙበት ሌላ ወቅት አላውቅም።

አደይ አበባ በክረምቱ ዝናብ በቅላ፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አብባ፣ ለጥቂት ሳምንታት ታይታ የምትጠፋ ናት። ንቦቹ ይህን ስለሚያውቁ ይፈጥናሉ፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር ውስጥ የእርሷ ድርሻ ትልቅ ነው። እንጦጦ ላይ ቢጫ ሆኖ የምናየው ሜዳ ለእነርሱ የሥራ ቦታ ነው። ይህንንም ግጥም ውስጥ ባገኘው እወድ ነበር፤ አደይ አበባ ሁልጊዜ ብቻዋን ቆማ የዘመን ምልክት ትሆናለች እንጂ ንብ ሲያርፍባት አናነብም።

ዋሺንግተን የምትኖር የልብ ጓደኛዬ ትናንት ደወለች። እዚያ ቅጠሉ መቅላት ጀምሯል፤ የእኛ መስከረም ሲያብብ የእነርሱ ወቅት ወደ መርገፉ ነው። ሰላምታው ገና ሳያልቅ «በቆሎ ወጣ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ስንት ገባ? ለጋ ነው? ከሰል ላይ ነው የሚጠብሱት?» አንድ በአንድ ነገርኳት፤ የጥፍሩን፣ የወተቱን፣ የማራገቢያውን። ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት። ይህን የምታነቡም ዛሬ የቀመሳችሁትን፣ የነካችሁትን፣ ያሸተታችሁትን አንድ ነገር ሁለት ስንኝ አድርጋችሁ ጻፉልኝ፤ ለእርሷ እልክላታለሁ።