«ለምን ሴት ልጆችን ብቻ?» ስለ ክትባቱ የሚወራው ወሬ ከየት መጣ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ወሬ ነው። ሶዶም፣ ቦዲቲም፣ አረካም ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፦ «ትምህርት ቤት ውስጥ ለሴት ልጆች የሚሰጠው ክትባት መካን ያደርጋል። ዘራችንን ለመቀነስ ነው።»

በክትባት ዘመቻው ሰሞን አንድ አባት ለጨጓራቸው ሊታከሙ መጥተው፣ ምርመራቸውን ከጨረሱ በኋላ ከወንበሩ አልነሳ አሉ። «ዶክተር፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉኝ። «ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ነገ ትምህርት ቤት ሊወጓት ነው። ሴቶቹን ብቻ ነው የሚወጉት፤ ወንዶቹን አይነኩም። ደግሞ በነፃ ነው። እኔ የጨጓራ ኪኒን እንኳ የምገዛው ከፍዬ ነው። ለልጄ ብቻ እንዲህ የሚያስብላት ማነው?»

እኝህን ሰው ያልተማሩ ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን የተናገሩትን ደግሜ ሳስበው ሦስቱም ነገር እውነት ነው። የሚወጉት ሴቶቹን ብቻ ነው። ዕድሜያቸው የተለየ ነው። ክፍያ የለውም። ያዩት ትክክል ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ነው ስህተቱ። ዘመቻው ሲመጣ ደግሞ ቀኑንና ቦታውን በድምፅ ማጉያ ነገሯቸው እንጂ «ለምን ሴት? ለምን አሁን? ማን ከፈለው?» ለሚለው ቁጭ ብሎ የመለሰላቸው አልነበረም። የጎረቤት ልጅ ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ቪዲዮ አሳያቸው። ያ ቪዲዮ ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ነበረው።

የሴራ ወሬ ሰው የሚይዘው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ተገቢ ጥያቄ አለው፤ ጥያቄውን ቀድሞ የመለሰለት ወሬው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ልመልስ።

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። መነሻው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ቫይረሱ ብዙ ዓይነት ሲሆን፣ 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከ100 የማህፀን በር ካንሰር ወደ 70 የሚሆነውን ያስከትላሉ። ክትባቱ የሚጠቅመው ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከመግባቱ በፊት ሲሰጥ ነው፤ ስለዚህ በልጅነት ይሰጣል። ወንዶች አይከተቡም ማለትም አይደለም፤ አውስትራሊያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንዶችንም ትከትባለች። መድኃኒቱ ሲያንስ ግን ቅድሚያ የሚያገኘው ማህፀን ያለው ሰው ነው።

እጥረቱ ራሱ ለወሬው መኖ ሆኗል። ክትባቱ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበር። ምክንያቱ በዓለም ላይ በቂ ክትባት አለመኖሩ ነው። ይህን ያልተነገረው ወላጅ ግን «14 ዓመት ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?» ቢል ይፈረድበታል? ከዚያ በ2017 ዓ.ም. ዕድሜው ከ9 እስከ 14 ሆነ፣ ሁለት ዙር የነበረውም አንድ ዙር ሆነ። አሁንም «ለምን ቀየሩት? የሆነ ነገር ደርሰውበት ነው» ተባለ። እውነትም የተደረሰበት ነገር አለ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ጊዜ መወጋት ብቻውን በጣም ጥሩ መከላከያ እንደሆነ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ዙር መስጠት እንደሚቻል አጸደቀ። ለልጆቻችን አንድ መርፌ ቀነሰላቸው ማለት ነው።

ነፃ የሆነው ደግሞ ጋቪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረትና መንግሥት አብረው ስለሚከፍሉ ነው። የሚከፍሉትም ካንሰሩ ከመጣ በኋላ ያለው ወጪ የትም ስለማይደርስ ነው። ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ማረፊያ ተከራይቶ፣ ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ እናታቸውን ያስታመሙ ያውቁታል።

ግን ይህ ሁሉ ማብራሪያ ለምን አይበቃም? ወሬው ለምንስ «ዓይን ያጠፋል» ወይም «ልብ ያቆማል» አላለም? ለምን ማህፀን ላይ አረፈ?

አንዱ ምክንያት እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለሕፃናት ክትባት ትሰጣለች። ያችው ባለሙያ ለእናቶች የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌም ትሰጣለች። ባለሙያዋ አንድ፣ ሳጥኑም መርፌውም የሚመሳሰል ነው። ለገጠር አባት «እርግዝና የሚያቆም መርፌ» የፈጠራ ታሪክ አይደለም፤ ሚስቱ ትወስደዋለች፤ አንዳንዴም ሳትነግረው። ልጅ ሀብት በሆነበት አገር፣ ለሴት ልጅ የሚሰጥ መርፌ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ቢሆን አይገርምም።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። በሕክምና ስም የተሠራ እውነተኛ ሴራ ነበር። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ ያለባቸው ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ለማየት ብቻ ሳይታከሙ ቆዩ፤ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም አልተሰጣቸውም። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ቢን ላደንን ለማግኘት ፓኪስታን ውስጥ የጉበት ክትባት ዘመቻ አስመስሎ አካሄደ። ከዚያ በኋላ ፓኪስታን ውስጥ የፖሊዮ ክትባት ሰጪዎች ተገድለዋል። የከፈሉት ዋጋ ስለማያውቁት ነገር ነው።

የእኛም ስም ያለበት አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን የቀረቡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሴቶች፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ በሚጠባበቁበት ካምፕ የወሊድ መከላከያ መርፌ እንዲወስዱ ግፊት እንደተደረገባቸው፣ አንዳንዶቹም ምን እንደሆነ በቅጡ እንዳልተነገራቸው ተናገሩ። በቀጣዩ ወር የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር፣ ሴቲቱ መርፌው ምን እንደሚያደርግ ያልተረዳች ከመሰለ እንዳይታደስላት ለሐኪሞች መመሪያ ላከ። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በኋላ መርምሮ በግዳጅ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። የሁለቱንም ወገን ቃል ያስቀመጥኩላችሁ ሆን ብዬ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ተደርጎ አያውቅም» የሚል ሐኪም፣ ይህን የሰማ ሰው ፊት ቀርቦ የሚያገኘው እምነት የለም።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? የአላባማው ጉድ የወጣው እዚያው መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ለጋዜጠኛ መረጃ ስለሰጠ ነው። ስም፣ ቀንና ሰነድ ነበረው። የሴራ ወሬ ግን ማስረጃ በጠየቃችሁት ቁጥር ይሰፋል። ሐኪሙ «ስህተት ነው» ካለ ሐኪሙም ተገዝቷል። ፓስተሩ ልጁን ካስከተበ ፓስተሩም ገብቶበታል። ማንም ምንም ቢያሳየው «ተሳስቼ ነበር» የሚልበት መንገድ የለውም። ጥርጣሬ ጤነኛ ነው፤ እኔም መድኃኒት አምራቾችን እጠረጥራለሁ። ጤነኛ ጥርጣሬ ግን መልስ ሲያገኝ ይረጋል።

እዚህ ላይ ወላይታ ሁላችሁም የምታውቁትን ላንሳ፦ ዝሆኔ። ከ20 ዓመት በፊት በዞናችን የተደረገ ጥናት ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ይህ የእግር እብጠት እንዳለበት አግኝቷል። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስና ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አሳይተዋል፦ ቀዩ አፈራችን ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች በባዶ እግር በኩል ገብተው፣ በዘር ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ የሊንፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ። መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ለዘመናት ግን እርግማን ነው፣ ጠላት መንገድ ላይ ያስቀመጠውን መተት ረግጦ ነው ሲባል ኖሯል። ሰው መከራ ሲደርስበት «ምን ነካኝ?» ከማለቱ በፊት «ማን ነካኝ?» ይላል። አፈር አይጠላንም፣ አይቀናብንም፤ ስለዚህ አፈርን መጠርጠር ይከብዳል። ጎረቤትን መጠርጠር ይቀላል። ወሬው ደግሞ ሰውየውን እንደዋዛ አይተወውም፤ ከጎረቤቱ ያጣላዋል፣ ሴት ልጁን የሚያገባ ያሳጣዋል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው ወሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተቀየረው ፍጥነቱ ነው።

የትምህርት ደረጃ ብቻውን አያድንም። ጃፓን ውስጥ ይኸው ክትባት በ2013 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን በተላለፉ አስደንጋጭ ታሪኮች ምክንያት መንግሥት በንቃት መምከሩን አቆመ፤ ከ100 ልጃገረድ ወደ 70 ይከተቡበት የነበረው ቁጥር ከ1 በታች ወረደ። ምክሩ የተመለሰው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ዓመታት ያመለጣቸው ልጆች ዛሬ አዋቂ ሴቶች ናቸው።

የሴራ ወሬ ሌላም ጉዳት አለው፤ እውነተኛውን ጥያቄ ይሸፍናል። የኮቪድ ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ሲጀመር፣ እዚህ ብዙ ሰው የሚያነሳው «666 ነው ወይ?» የሚለውን ነበር። በዚያው ሳምንት አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ያንኑ ክትባት በደም መርጋት ሥጋት ለጊዜው አቁመው ነበር። ችግሩ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ቢሆንም እውነተኛ ነበር። መጠየቅ የነበረበት እሱ ነበር፤ በ666 ጫጫታ ተውጦ ቀረ። (በነገራችን ላይ በ666 የፈራን አማኝ ማሾፍ አይመልሰውም። ፍርሃቱ የእምነት ነው፤ የሚያናግረውም የሚያምነው አገልጋይ ቢሆን ይሻላል።)

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። ስለ ቫይረሱ ስነግራቸው በትህትና ሰሙኝ እንጂ ፊታቸው አልተፈታም። ከዚያ «እሺ ዶክተር፣ ተወግታ የወለደች ልጅ አለች?» አሉኝ። እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው! ተመራማሪም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይጠይቅም። «አለች ጋሼ» አልኳቸው። «አውስትራሊያ በ2007 እ.ኤ.አ. በ12 ዓመታቸው የተከተቡት ዛሬ 30 ዓመት ገደማ ናቸው፤ እናቶች ሆነዋል። የሩቁን ይተዉት፤ እዚህ በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመታቸው የተወጉት አሁን ከ20 ዓመት በላይ ናቸው። ወልደው ልጃቸውን አዝለው ለክትባት የሚመጡ አሉ።» ይህን ጊዜ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። ማህፀን የሚያሳጣው በሽታው መሆኑንም ያኔ ነገርኳቸው፤ ካንሰሩ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ማህፀኑ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ጨረሩም ከዚያ በኋላ መውለድን ያስቀራል። «እናቷን ላማክር» ብለው ተነሱ። ሌላ ታካሚ እየጠበቀ ነበር። እኔ ያገኘሁት አሥር ደቂቃ ነው፤ ወሬው ግን ማታ ከቡና ጋር ሙሉ ሰዓት አለው።

ስለዚህ ልጃችሁን ለማስከተብ እያመነታችሁ ያላችሁ ወላጆች፣ የያዛችሁትን ጥያቄ እንዳለ ይዛችሁ ኑ። ማንም ሊቆጣችሁ አይገባም። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለች ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ትከተባለች፤ ያመለጣት ካለች በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የክትባቱ ቀን ቁርስ በልታ ትሂድ፤ ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቆይ። በዚህ ዕድሜ አንዷ መርፌ ፈርታ ስትወድቅ ሌሎቹም ተከትለዋት ሊወድቁ ይችላሉ፤ ይህ የድንጋጤ ነው፣ አጋድሞ እግርን ከፍ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ክንድ ላይ ሕመም፣ ቀላል ትኩሳትና ራስ ምታት ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል።

እናቶች ደግሞ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጉ። በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ ሲሆን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ኤች አይ ቪ በደማችሁ ያለ ምርመራውን ቀደም ብላችሁ ስለምትጀምሩ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ዕድሜ ሳትጠብቁ ኑ።