የአሶሳን ማንጎ ማን ፎቶ ያንሳው?

ሰሞኑን አሶሳ ላሉ የማንጎ አምራቾች የሽያጭ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ከጠየቁኝ ነገሮች አንዱ ይኼ ነበር፦ ፎቶ የሚጫንበት ቦታ ላይ «ከስልኬ ልምረጥ» ከሚለው አጠገብ «ከኢንተርኔት ፈልጌ ላስገባ» የሚል ቁልፍ ይጨመርልን። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ቁልፉም ተጨምሯል። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እዚህ ልጻፈው።

አስቀድሜ ጥቅሙን ልናገር። ቁልፉ ከሌለ ሰው የወደደውን ፎቶ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ያወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ድረ ገጹ ላይ ይጭናል። አንድ ፎቶ ሁለት ጊዜ ዳታ በላ ማለት ነው። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ መሃል ላይ ይቋረጣል። ቁልፉ ካለ ግን ስልኩ ላይ የሚመጡት ትንንሽ ናሙናዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱን ሲነካ ትልቁን ፋይል የድረ ገጹ ሰርቨር ራሱ ከኢንተርኔቱ የፎቶ ክምችት ያመጣዋል። ኡፒ የሚባለው ነፃ የፋይል መጫኛ አንስፕላሽ ከተባለው የነፃ ፎቶዎች ክምችት ፎቶ የሚያስገባው በዚህ መንገድ ነው። ወርድፕረስም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በወጣው 6.2 እትሙ፣ ኦፕንቨርስ የተባለውን የነፃ ምስሎች መፈለጊያ ጽሑፍ ማዘጋጃው ውስጥ አስገብቶታል። ዳታ በካርድ ለሚገዛ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ክምችቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

«ማንጎ» ብለን ፈለግን። ቀላ ያለ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ተቆራርጦ ነጭ ሳህን ላይ የተደረደረ ማንጎ መጣ። ያምራል። የአሶሳ ማንጎ ግን እሱ አይደለም። የኛው የአገሬው ዝርያ አነስ ይላል፣ ሲበስል ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ቃጫ አለው፣ ሲበሉት ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። ነጩ የማንጎ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ወለጋ ላይ ታይቶ ወደኛም ከተዛመተ ወዲህ ደግሞ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ አይጠፋም። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ያንን ቀይ ፎቶ አይቶ ቀብድ ቢከፍል፣ መኪናው ሲራገፍ ምን ይላል? ተታለልኩ ይላል፤ እውነቱን ነው። ዋጋው እዚያው ይሰበራል፣ ኪሳራውም አንድ ቃል ያልዋሸው ገበሬ ላይ ይወድቃል።

ክልላችንስ? «ኢትዮጵያ» ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ ላሊበላ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ፊታቸውን የተቀቡ የኦሞ ልጆች ነው። «ቤኒሻንጉል» ስል ወይ የህዳሴው ግድብ ነው፣ ወይ የስደተኛ መጠለያ። ሁለቱም እዚሁ ያሉ እውነቶች ናቸው፤ አላማርርም። ግን የቤርታዎች ዋዛ የት አለ? ከቅል የተቀጣጠሉት ረጃጅም መለከቶች፣ እያንዳንዱ ነፊ አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን የሚጠብቅበት፣ ዜማው ከሁሉም ተዋጥቶ የሚወጣበት ያ ጨዋታ? በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ሸክማቸውን አመዛዝነው ገበያ የሚወርዱት የጉሙዝ ሴቶችስ? የቀርከሃው ጫካስ? ያልገባ ፎቶ ተፈልጎ አይገኝም። የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ልጅ የትምህርት ቤቱን ገጽ ሲሠራ ቁልፉን ነክቶ የሚያገኘው የሌላ የአገራችን ክፍል ፎቶ ነው።

ስለ ፎቶ አንሺው ስምም የምለው አለኝ። አንስፕላሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በ2021 በጌቲ ኢሜጅስ የተገዛ ነው። ፈቃዱ ፎቶውን የሚጠቀመውን ሰው የአንሺውን ስም ጥቀስ ብሎ አያስገድድም፤ አገልግሎቱን ድረ ገጹ ላይ የሚያገናኝ ባለሙያ ግን ስሙን እንዲያሳይ ይጠይቃል። በእኔ እምነት ስም መጥቀስ ለጨዋነት የሚተው ጉዳይ አይደለም። የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሥራ አመንጪ ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ፎቶው ሲገባ የአንሺው ስም አብሮ ይገባል፤ ከፎቶው ሥር በራሱ ይታተማል፤ ተጠቃሚው ማጥፋት አይችልም። አንዳንዶች ገጹን ያጣብባል ብለውኛል። ያጣብብ።

የሽያጭ ገጹ ላይ ደግሞ ቁልፉን ከነጭራሹ አንስቼዋለሁ። የሚሸጠው ማንጎ ራሱ ይነሳ። ለመግቢያው ገጽና ለማስታወቂያ ጽሑፍ ግን ክፍት ነው። ከስልክ ለሚጫነው ፎቶም ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል አጫጫን ተደርጎለታል፤ ሰው ወደ ተዘጋጀ ፎቶ የሚሸሸው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ፎቶ አልጫን ሲለው ነውና።

አሶሳ፣ ባምባሲ፣ መተከል፣ ካማሺ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጥሩ ስልክ ያላችሁ ሁሉ፣ ፎቶዎቻችሁን ዊኪሚዲያ ኮመንስ በተባለው የነፃ ምስሎች ክምችት ላይ ጫኑልን። ኦፕንቨርስ ከዚያ ስለሚያነብ ወርድፕረስ ለሚጠቀም ሁሉ ይደርሳል። ፊቱ የሚለይ ሰው ካለበት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም መጠየቁ ይሻላል። የፋይሉን ስም ስልኩ በሰጠው ቁጥር አትተዉት። ምን እንደሆነ፣ የት ቀበሌ፣ በየትኛው ወር እንደተነሳ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉበት። ቤርትኛ ወይም ጉሙዝኛ የምትችሉ በዚያም ጨምሩበት። መጫኑ ያስቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እንጭናለን።