አልነሣም ያለው ኮምፒዩተር

አዲስ ተገጣጥሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበራ ኮምፒዩተር ፊት የቆመ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ ባለፈው ሚያዝያ ለማየት በቃን። ዱባይ ተቀጥራ የምትሠራው እኅታችን ከደመወዟ እያጠራቀመች የገዛችው ዕቃ በሰው ሻንጣ መጣልን፤ ከእኛ ዘንድ ሆኖ የሥነ ሕንፃ ትምህርት የሚማረው ልጅዋ የመመረቂያ ሥራውን እንዲሠራበት ነበር። ሥራውን ለማስረከብ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ዕቃው ቢበላሽ ደግሞ ወደ ተገዛበት ሱቅ ተመልሶ የሚለወጥ አልነበረም።

ዕቃውን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ስምንት ኮር ያለው ራይዘን 7 7700 ፕሮሰሰር፥ ማዘርቦርድ፥ ግራፊክስ ካርድ፥ እንዲሁም እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት የሆኑ ዲዲአር5 ራሞች ሁለት ሁለት ሆነው በሁለት ማሸጊያ፥ በድምሩ አራት። ልጁ፥ «ጋሼ፥ ሁለቱን ብቻ ብንሰካ አይሻልም?» ብሎ ነበር። እኛ ግን፥ «እናትህ በላብዋ የገዛችው በሣጥን ይቀመጥ?» ብለን አራቱም እንዲሰኩ አዘዝን። አልተከራከረም።

ቍልፉን ስንጫነው ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ቀረ። በማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ የፕሮሰሰሩን፥ የራሙን፥ የግራፊክስ ካርዱንና የማስነሻውን ዲስክ ችግር የሚያመለክቱ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ የራሙ መብራት በርቶ አልጠፋም አለ። አጠፋን፤ አበራን፤ ደግመን አጠፋን። አሮጌው ራዲዮናችን በጥፊ ሲመታ ይናገር ስለ ነበረ ይህ ልማድ ሳይለቀን ቀርቷል።

ኋላ ልጁ መመሪያውን አንብቦ ምስጢሩን ገለጠልን። ዲዲአር5 ራም መጀመሪያ ሲበራ ይሠለጥናል፤ ይኸውም በየመስመሩ የሚላከው ምልክት በየትኛው ቅጽበት እንደሚደርስ እየተለካ ይስተካከላል ማለት ነው። ይህ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ እኛም ባጠፋነው ቍጥር ሥራውን ከመጀመሪያው እናስጀምረው ኖሯል። እጃችንን አጣምረን ሰዓት እያየን ተቀመጥን። በ11ኛው ደቂቃ ስክሪኑ በራ።

ደስታችን ግን ብዙ አልቈየም። በራሞቹ ማሸጊያ ላይ 6000 የሚል ቍጥር ተጽፏል፤ ይህም በሴኮንድ 6000 ሚሊዮን ጊዜ መረጃ ያስተላልፋሉ ማለት ነው። ዳሩ ግን እዚህ ፍጥነት የሚደርሱት በባዮሱ ውስጥ ኤክስፖ የተባለው ማስተካከያ ሲከፈትና ቮልታቸው ከ1.1 ወደ 1.35 ከፍ ሲል ነው፤ ኦቨርክሎክ የሚባለው፥ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ የማስሮጥ ሥራ፥ ይኸው ነው። ልጁ ማስተካከያውን ከፈተ። ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቶ አበራና ጨለመ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ከዚያች ከራሙ መብራት በቀር ምንም የለም።

ያን ጊዜ የተናገርነውን ዛሬ ስንጽፈው እናፍራለን። «በችኮላህ የእናትህን ድካም አቃጠልኸው!» አልነው። አንድ ቃል ሳይመልስ ወደ መኝታው ሄደ።

እንቅልፍ እንቢ ስላለን ሌሊት ተነሥተን ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥን። የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅለን፥ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አውጥተን ጥቂት ደቂቃ አቈየናት፤ ባዮሱ የተሰጠውን ማስተካከያ ረስቶ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ እንዲመለስ ነው። ከዚያም ሦስቱን ራም አንሥተን አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛ በሆነው መሰኪያ አስገባን። ተነሣ። የቀሩትንም በተራ እንዲሁ አደረግን፤ በሁሉም ተነሣ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም! ሁለቱን ሰክተን 6000 ላይ ብናደርገው ጥቂት ቈይቶ ተነሣ፤ አራት ብናደርገው ጨለመ።

የፕሮሰሰሩን መግለጫ ያነበብነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሠሪው ኩባንያ ለሁለት ራም የወሰነው ፍጥነት 5200 ሲሆን፥ ለአራት ራም የወሰነው ግን 3600 ብቻ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ራም ሲደረብ ምልክቱ እየተንጸባረቀ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሁለቱ በቀላሉ የሚሮጡበትን ፍጥነት አራቱ አይችሉትም። ራሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የታሸጉትም በዚያ ፍጥነት አብረው የተፈተኑት ሁለቱ ብቻ ስለ ሆኑ ነው። እንግዲህ ልጁ ያለው ይህንኑ ነበር፤ አራቱን ያሰካነው እኛ ነን።

ሲነጋ ልጁ መጥቶ ስክሪኑ በርቶ አገኘው። ጥፋቱ የእኛ እንደ ነበረ ነግረን ይቅርታ ጠየቅነው። ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ፥ «ኧረ ጋሼ፥ ምን ሲደረግ!» አለ። ወዲያው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና 32 ጊጋባይት ለሥዕሉ እንደሚበቃው እየነገረን ሥራውን ጀመረ።

እሑድ እኅታችን ደወለች። «ወንድም ጋሼ፥ አራቱም ይሠራሉ?» አለችን። ጥቂት ዝም አልን። ከዚያም ሁለቱ በሣጥን እንዳሉ፥ የተቀመጡበትንም ምክንያት፥ ልጅዋንም በሌለበት ጥፋት እንደ ተቈጣነው አንድ በአንድ ነገርናት። አሁን ዝም ያለችው እርሷ ሆነች።

«እስቲ ልጄን አገናኘኝ» አለችን።