ግማሹን ብቻ ያነበብኩት ምሳሌ

ዛሬ አንድ የተሳሳትኩበትን ምክር ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመስከረም ወር፣ ከረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም በኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት ሊያነጋግረኝ መጣ። እዚሁ ጎንደር በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። እናቱንና ታናሽ እህቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ትንሽ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ «ፓስተር፣ ሥራዬን ልለቅ ነው። ታዳጊዎችን ኳስ ማሠልጠን እፈልጋለሁ፤ ንግድ ፈቃድ አውጥቼ መተዳደሪያዬ ላደርገው ነው። ይጸልዩልኝ» አለኝ።

ከመጸለዬ በፊት ሉቃስ 14፥28ን ገለጥኩለት። ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ጌታ የተናገረበት ክፍል ነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚለውንም ጨመርኩበት። «እናትህን ማን ይጦራል? ኳሱን ቅዳሜ ቅዳሜ አሠልጥን» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም ጥሩ መከርኩ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አባቴ ትዝ አሉኝ። በ1986 ዓ.ም. በዳባት አካባቢ መምህር ሳለሁ፣ ሥራዬን ትቼ አዲስ አበባ ሥነ መለኮት ልማር መሆኑን ስነግራቸው ከአውድማ ላይ ነበሩ። መንሹን መሬት ላይ ተክለው፣ «የመንግሥት ደመወዝ ጥለህ? እናትህን ማን ይጦራል?» አሉኝ። ለካ ለዚያ ወጣት የመከርኩት የአባቴን ቃል ኖሯል! አባቴ ፈርተው ነበር፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ፍርሃቴን በጥቅስ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ተነሥቼ መብራት አበራሁና ምዕራፉን እንደገና አነበብኩት። ግንቡ አለ፤ ወደ ጦርነት የሚወጣው ንጉሥም አለ። የሁለቱ ምሳሌዎች መደምደሚያ ግን ቁጥር 33 ላይ ነው። እዚያ ጌታ ያለውን ሁሉ የማይተው ሰው ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ይላል። እንግዲህ ቁጠሩ ያለን እንድንቀር ሳይሆን የምንተወውን አውቀን እንድንተው ነው። እኔ ቁጥር 28ን አንብቤ መጽሐፉን ዘግቼበት ነበር። በእርግጥ ክፍሉ ስለ ደቀ መዝሙርነት እንጂ ሥራ ስለ መቀየር አይናገርም። ሥራውን የለቀቀ ሁሉ ጌታን ተከተለ ማለት አይደለም። ቢሆንም መቁጠርና መተው በአንድ ንግግር ውስጥ አብረው እንደሚሄዱ ያን ሌሊት ተማርኩ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም ደብተር ይዘን ቁጭ አልን። ኳስ፣ ኮን፣ ማልያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ የሜዳ ፈቃድ፣ ግብር። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ጭቃ ስለሆነ ገቢ የለም። መክፈል የማይችሉ ልጆችም ይመጣሉ። ለካ እሱ ከእኔ ቀድሞ ብዙውን ቆጥሮት ኖሯል፤ የአምስት ወር የቤት ወጪም አስቀምጧል። አንድ ያልቆጠረው ነገር ግን ነበር፤ ለእናቱ አልነገራቸውም።

አብረን ሄድን። ቡና አፍልተው አቀረቡልንና እስከ ሦስተኛው ስኒ ዝም ብለው አዳመጡት። ከዚያ፣ «የቤት ኪራዩ ለስንት ወር አለ?» አሉት። «ለአምስት።» «እንግዲያው እስከ ፋሲካ ልብስ አይገዛም» አሉና ስኒውን ሰበሰቡ። ፈቃዳቸው ይኸው ነበር።

በቤተ ክርስቲያንም ጥያቄ ተነሣ። አንድ አባት 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥8ን አነሡ። ጳውሎስ ግን እዚያ የሰውነትን ልምምድ ጥቅም ጥቂት ነው ይላል እንጂ ከንቱ ነው አይልም። ለጥቂቱም ጥቅም ታማኝ ሠራተኛ ያስፈልገዋል።

ጎንደር ኳስ ወዳድ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ የነበረውን ደስታ እናስታውሳለን። ልጁ አንድ ቀን የአፄዎቹን ማልያ እንዲለብስ የሚመኝ ወላጅ ብዙ ነው። ይህን ምኞት መሸጥ ቀላል ነበር። ወጣቱ ግን በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ «ልጃችሁን ታዋቂ ተጫዋች አደርገዋለሁ ብዬ ገንዘባችሁን አልቀበልም። ሰዓት ማክበርን፣ ጓደኛን ማቀበልን፣ ተሸንፎ እጅ መጨበጥን አስተምረዋለሁ» አላቸው። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ይህም ከወጪው መዝገብ ላይ ተጻፈ።

ዛሬ 31 ልጆች አሉት፤ ሰባቱ በነጻ ይማራሉ። ክረምት ክረምት የሱቆችን ሒሳብ ይሠራል። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ስለነበር (ሐዋ. 18፥3) አላፈረም። መንገድ በተዘጋባቸውና ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት፣ ሜዳው ሰላም ሲሆን፣ እነዚያ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት የሚጠራቸው ሰው ነበራቸው። ሀብታም አልሆነም። የእናቱም ልብስ የተገዛው በታሰበው ፋሲካ ሳይሆን በሚቀጥለው ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሥራህን ወይም ሥራሽን ለመልቀቅ የምታስቡ ካላችሁ ቁጠሩ። ስትቆጥሩ ያልነገራችኋቸውን ሰዎችም ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ግን ደብተሩን መሸሸጊያ አታድርጉት። እኛ ሽማግሌዎችም ምክር ከመስጠታችን በፊት የሚናገረው ጥበባችን ነው ወይስ ፍርሃታችን ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ጌታን ገና ያላወቅህ ወዳጄም፣ ዋጋን ቆጥሮ ስለ ተወው ስለ እርሱ ፊልጵስዩስ 2ን አንብብ። የሰማይን ክብር ትቶ ሲመጣ መስቀሉ እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። ዐውቆ መጣ፤ ለአንተ ሲል።

ጌታ ሆይ፣ የምንይዘውንና የምንለቀውን አሳየን። ፍርሃታችንን በቃልህ ከመሸፈን ጠብቀን። አሜን።