ውሃው እስኪጎድል

 

ሰሞኑን ታናሽ ወንድሜ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ለሳምንታት ብቻውን ጀልባ እየቀዘፈ በወንዝ ሲጓዝ የነበረ ሰው፣ ውሃው ሲሞላ ጀልባውን ዛፍ ላይ አስሮ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሏል። «ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አሁን ፈራ!» ብሎ ሳቀበት። እኔ ግን ጎበሳ ስሠራ የገጠመኝ ትዝ አለኝና አልሳቅኩም።

እኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ፣ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ 60 ያህል የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ዓባይን ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ በጀልባ ወርዷል። ኢያን ማክሊዮድ የተባለው የቡድኑ ወታደር ግን አልተመለሰም። ሁሌም የሚገርመኝ የሞተበት ቦታ ነው። ዓባይ ላይ ጀልባ ተገልብጦበት አይደለም፤ ወደ ዓባይ የሚገባ አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው።

ጎበሳ አካባቢም እንደዚሁ ነው። ዋቤን ሁሉም ይፈራዋል። ጅረቱን ግን ማን ይፈራል?

ከወሊድ ፈቃድ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ነሐሴ ላይ፣ ለክትባት ሥራ ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ ሄድን። ባልደረቦቼ እዚያው ሊያድሩ ወሰኑ፤ እኔ የአምስት ወር ልጅ ቤት ትቼ ስለነበር ብቻዬን በእግሬ ተመለስኩ። ጠዋት ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ የተሻገርኳት ጅረት ቡናማ ሆና ስትጮህ ደረስኩ። እኛ ዘንድ ጠብ አላለም፤ የዘነበው ላይ ተራራው ላይ ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ። ጡቴ ሞልቶ ያመኛል፣ ቤቴ ደግሞ ከማዶ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ተይ» አሉኝ አንድ አባባ። ልጄ ማለታቸው ነው። በትራቸውን ውሃው ውስጥ ሲተክሉት ከእጃቸው ሊነጥቃቸው ደረሰ።

ያን ቀን ያልተረዳሁትን ልንገራችሁ። የሚሮጥ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። ዋና መቻልም ብዙ አይረዳም፤ ድፍርስ ውሃ ሥር ያለው ጉድጓድና የሚንከባለል ድንጋይ አይታይም።

ቁጭ አልኩ። ሸሚዜ በወተት ራሰ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

ከእኛ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ወጣት በጎቹን ይዞ ገባ። መሃል ላይ ሲደርስ ጠፋ። ሰዎቹ ተከትለውት አለመግባታቸው በጀ። ታች መታጠፊያው ላይ ብቅ ሲል የአህያ መጫኛ ወረወሩለት፤ እጁን አንዴ ጠምጥሞበት ነበርና ጎትተው አወጡት። ሲወጣ ግን አይተነፍስም።

እግሩን ይዘው ሊዘቀዝቁት፣ ሆዱንም ሊጫኑት ሲሉ ጮኼ አስቆምኳቸው። ይህ ልማድ ብዙ ቦታ አለ። ሆድ ሲጫን የሆድ ዕቃ ወደ አፍ ወጥቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ሰውን ስንዘቀዝቅ ደግሞ ውድ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ውሃ የወሰደው ሰው መጀመሪያ ያጣው አየር ነው። ስለዚህ በጀርባው አስተኛሁት፣ አገጩን ቀና አድርጌ አፍንጫውን ያዝኩና በአፉ አምስት ጊዜ ተነፈስኩለት። ከዚያ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ በኃይልና በፍጥነት መጫን፣ ሁለት ጊዜ መተንፈስ፣ እንደገና 30። በሦስተኛው ዙር አሳለውና አስመለሰው። ወዲያው በጎኑ አዞርኩት። እርጥብ ልብሱን አውልቀን በአባባ ጋቢ ጠቀለልነው፤ የአርሲ ደጋ ብርድ በራሱ ሊገድል ይችላል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ «ደህና ነኝ፣ በጎቼስ?» አለ። ሰው ሁሉ ተደስቶ ወደ ቤቱ ሊወስደው ተነሳ። እኔ ግን እምቢ አልኩ። የውሃ ጠብታ የገባበት ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ሊከፋ ስለሚችል፣ ቢናገርም ቢራመድም ሐኪም ቤት ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ክትትል ያስፈልገዋል። ሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከመጣ ለነገ አይባልም።

ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት በታች ሲሆን ወጣቱን በቃሬዛ ይዘን ተሻገርን። ሌሊት የኦክስጅን መጠኑ ወረደ፤ ኦክስጅን ተሰጥቶት በሦስተኛው ቀን ወጣ። ከበጎቹ ሁለቱ አልተገኙም፣ ለእነሱ ሲያዝን ነበር የሄደው።

እኔ ቤት የደረስኩት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ልጄ ጠዋት አልቤ የተውኩለትን ጠጥቶ ተኝቷል። እናቴ የት ቆየሽ አላለችኝም። የጫማዬን ጭቃ አየችና «ሞልቶ ነው?» ብላ ውሃ ልታሞቅልኝ ተነሳች።