ጠማማው ቤት

ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ ግንበኛው ቱምቢ እንዲያወርድለትና ግድግዳው እንዲቀናለት ይሻል። በእንግሊዝ አገር፣ በስታፎርድሽር፣ በሂምሊ መንደር አጠገብ የነበረው መጠጥ ቤት ግን የታወቀው በመጥመሙ ነው፤ ስሙም «ጠማማው ቤት» ይባል ነበር።

በ1765 ዓመተ ምሕረት (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች እንቈጥራለን) ለገበሬ መኖሪያ በጡብ ሲሠራ ቀጥ ያለ ነበረ። ነገር ግን አገሩ የድንጋይ ከሰል አገር ነውና፣ ቈፋሪዎች ከሥሩ ከሰሉን ስላወጡ ምድሪቱ ሰመጠች፤ የቤቱም አንደኛው ወገን ከሁለተኛው በ1 ሜትር ከ20 ያህል ዝቅ አለ። በ1830 ገደማ መጠጥ ቤት ሆነ።

በውስጡ የገባ እንግዳ በገበታው ላይ ብይ ቢያስቀምጥ ብዩ ሽቅብ የሚወጣ ይመስለው ነበር። ዓይን የጠመመውን ግድግዳ እንደ ቀና ስለሚቈጥረው፣ ቍልቍለቱ ዐቀበት ሆኖ ይታየዋል። ይህን ለልጆቻችን ብንነግራቸው ታናሺቱ «እንግዲያስ ሾርባው ከሳህኑ አይፈስም ወይ?» አለችን። የመሐንዲስ ጥያቄ ነው።

በ1940ዎቹ ቤቱ ለነፍስ ያሰጋል ተብሎ እንዲፈርስ ተፈርዶበት ሳለ፣ አንድ የቢራ ጠማቂ ኩባንያ አዳነው። ሠራተኞቹም በድጋፍ ግንብና በብረት አጸኑት እንጂ አላቀኑትም። እኛ ከሁሉ የምናደንቀው ይህን ሥራ ነው፤ ቢያቀኑት ኖሮ ሌላ ቤት በሆነ ነበር።

በ2023 በሐምሌ ወር ቤቱ ተሸጠ። ኦገስት 5 ቀን ሌሊት ተቃጠለ፤ በሁለተኛው ቀን የቀረውን ግድግዳ መኪና ናደው። 258 ዓመት የቆመ ቤት! መንግሥት በሕግ ከሚጠብቃቸው የጥንት ሕንፃዎች መዝገብ ውስጥ ስሙ አልገባም ነበርና፣ እናትና አባታቸው እየያዙ የወሰዷቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ወዴት ይውሰዱ?

የአውራጃው ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2024 ባለቤቶቹ በ3 ዓመት ውስጥ ቤቱን ከቃጠሎው በፊት እንደ ነበረ አድርገው እንዲሠሩ አዘዘ፤ እነርሱም ይግባኝ አሉ። እንደ ትእዛዙ ከተሠራ፣ ግንበኛው ቱምቢውን ይዞ፣ ለክቶ፣ ዐውቆ ማጥመም ይኖርበታል። ምድር በብዙ ዘመን ያጠመመችውን ሰው በወራት ቢያጠመው ያው ቤት ነውን? በቤታችን ብዙ ተከራከርንበት። የእኛ አሳብ፣ ከፍርስራሹ የተረፈው ጡብ ከገባበት፣ ያው ነው ወደ ማለት ያደላል።