ስም ይወጣል ከቤት

በአሊ አዴና በሆልሆል መጠለያ የምትኖሩ ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ የምጽፍላችሁ ከጅቡቲ ከተማ፣ ከሆዳን ሰፈር ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ስማችን ነው።

ወላጆቼ ምትኬ ያሉኝ ከእኔ በፊት የወለዱት ልጅ ስለሞተባቸው ነው። የእሱ ምትክ ነኝ ማለት ነው። በአገራችን ካሳ ወይም ማስረሻ ከሚባሉት ብዙዎቹ እንዲሁ ከሐዘን በኋላ የተወለዱ ናቸው። ስማችን መጠሪያ ብቻ አይደለም፣ የቤታችን ታሪክ ነው።

ሆዳን መጥቼ ሰው ቤት ሥራ ስገባ አሠሪዬ «ስምሽ ይከብደኛል፣ ሐዋ እልሻለሁ» አለችኝ። ዝም አልኩ። የእንጀራ ነገር ነው፣ ምን ይደረግ! ሐዋም ክፉ ስም አይደለም፤ በእኛ በወሎ ስንት ሐዋ አለች። ለሥራ ወይም ለቤት ኪራይ ሲባል በሌላ ስም የምንጠራ ብዙ ነን፤ በዚህ ማንም ማንንም ሊወቅስ አይገባም።

ነገሩ የከበደኝ ልጄ ትምህርት ቤት የእናቱን ስም ተጠይቆ «ሐዋ» ያለ ጊዜ ነው። ማታ አስቀምጬ ምትኬ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሳያየው የሞተው አጎቱም ማን እንደነበረ ነገርኩት። አሠሪዬ እስካሁን ሐዋ ትለኛለች። ልጄ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። እዚህ ቅጹ በፈረንሳይኛ «ኖም» እና «ፕሬኖም» ይላል፤ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ማለት ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤተሰብ ስም ይኑር ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በራስ፣ በአባትና በአያት ስም ቀጠለ። ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። የሶማሌ ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ስለሆኑ ብናስረዳቸው ቶሎ ይገባቸዋል። ሆዳን ራሱ እኮ የሴት ስም ነው፣ በሶማልኛ ባለጸጋ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዱ ልጅ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ከተመዘገበ በወረቀት ላይ ወንድማማች አይመስሉም። ጠ፣ ጨ፣ ጸ በፈረንሳይ ፊደል ስለሌሉም ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱና «ልክ እንደዚህ ጻፉልኝ» በሉ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ የትምህርት፣ የሕክምናና የሥራ መብት ሰጥቶናል። በዚህ መብት ለመጠቀም ግን ወረቀት ያስፈልጋል፤ ስሙ የተዘበራረቀ ወረቀት ደግሞ ያንከራትታል።

ልጆቻችን ፈረንሳይኛውንም አረብኛውንም ሶማልኛውንም ይማሩ፣ ይጠቅማቸዋል። ራስን መሆን የሰውን አገር ቋንቋ መጥላት አይደለም። ብቻ ዛሬ ማታ እራት ላይ ስማቸውን እስከ አያት፣ ከቻሉም እስከ ቅድመ አያት አስቆጥሯቸው። ማን እንዳወጣላቸው፣ ለምን እንዳወጣላቸውም ንገሯቸው። ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ጎረቤት ተቀበለውም አልተቀበለውም፣ መጀመሪያ ከቤት ይውጣ።